መሪጌታ ጋደም ሲሉ

አባቴ ሲተኛ ይናገራል፤ ሲቀመጥ አፉ ይያዛል። ይህን ለመረዳት አራት ቀን ፈጅቶብኛል። በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ስንት ጊዜ ደግፈን ቀና እንዳደረግነው እስከ ዛሬ እቆጥራለሁ።

መጀመሪያ የታየው ሰኞ ጠዋት ነው። መደቡ ላይ ተቀምጦ ቁርሱን እየበላ ሳለ ጉርሻው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አላነሣውም፤ ዝም ብሎ አየው። "ምን ሆኑ አባዬ?" ስለው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም፤ አፍ ያልፈታ ሕፃን የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ወንድሜ ደሳለና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን አልጋው ላይ አጋደምነው። ደሳለ ወደ ጤና ኬላው ሊሮጥ ጫማውን እያሰረ ሳለ አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣

"ወዴት ነው ሩጫው? መጀመሪያ ቁርስህን ጨርስ" አለ።

ጥርት ያለ ቃል ነው። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጋቢውንም ወደ ደረቱ ሳበ።

ደሳለ አማተበ። እኔ አላማተብሁም፤ ደስም አላለኝም። ያየሁትን ነገር አውቀዋለሁ። ያወቅሁት ግን በሰው ላይ አይደለም።

እኔ የአይጥ ሰው ነኝ። ፊንላንድ አምስት ዓመት የተማርሁት የአይጥን አንገት ከፍቶ ወደ አንጎል የሚወጣውን የደም ቧንቧ በቀጭን ክር ማሰርና ከዚያ በኋላ አንጎሉ ውስጥ የሚሆነውን መለካት ነው። ደም ያነሰው አንጎል እጁን አጣጥፎ አይሞትም። ከታሰረው ቦታ ወዲያ ያሉት ትንንሽ ቧንቧዎች ግድግዳቸውን አላልተው ይሰፋሉ፤ የመጣችውን ጥቂት ደም በሙሉ ይቀበላሉ። እንዲሰፉ ከሚነግሯቸው መልእክተኞች አንዱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ከቧንቧው ግድግዳ ይወጣል፣ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ጋዙ እንዳይመነጭ የሚከለክል መድኃኒት እየሰጠሁ፣ የደሙ ፍሰት ቁጥር ሲወርድ እየጻፍሁ ከረምሁ። ነገሩ እዚያ ላይ አያበቃም። ሰዓታት ካለፉ ያው ጋዝ ከሌላ ዓይነት ሕዋስ በብዛት ይወጣና ቀድሞ ያዳነውን አንጎል መልሶ ይጎዳዋል። የመጨረሻው ሥራዬ መቼ አዳኝ፣ መቼ ጎጂ እንደሚሆን ድንበሩን ለማግኘት ነበር። አላገኘሁትም። ግማሾቹ አይጦች አንድ ነገር አሳዩኝ፤ የቀሩት ተቃራኒውን። ጽሑፉን ሳልጨርስ ለስድስት ሳምንት ብዬ አገሬ ገባሁ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ይኸው አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ተመለስሁ ልበል ወይስ እንግዳ ነኝ ልበል፣ ለራሴም አልለየልኝም።

መንደራችን ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ ገደሉ ሥር ናት። በሦስት በኩል ድንጋይ፣ በአራተኛው ሸለቆ። ወደ መኪናው መንገድ የሚያወጣው አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ሲሆን ባዶ እጁን ለሚወጣ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ላይ ያለው መንገድም ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስልኩም እንደዚያው። ልጅ ሆኜ ከዚህ ጉድጓድ የምወጣበትን ቀን ስቆጥር ነው ያደግሁት። አሁን ደግሞ አባቴን ይዤ የምወጣበትን መቁጠር ጀመርሁ።

የጤና ኬላዋ ሠራተኛ አልጣሽ በአራተኛው ቀን መጣች። እሷ ማዳመጫዋን አንገቱ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ ቆየችና ለእኔ ሰጠችኝ። በግራ በኩል በየትርታው ፉጨት ይሰማል፤ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ደም ድምፅ። ከዚያ ቀስ አድርገን አስቀመጥነውና ስሙን ጠየቅሁት። "ወልደ..." ብሎ ቆመ። አስተኛነው። "...ኪዳን። የገዛ አባትሽን ስም ረሳሽው?" አለኝ። አልጣሽ አየችኝ፤ አየኋት።

ጉብታው ላይ ወጥቼ፣ ስልክ የሚሠራበት ድንጋይ ላይ ቆሜ ከተማ ያለ አንድ ሐኪም አገኘሁ።

"አታስቀምጡት" አለኝ። "በጀርባው ይተኛ፤ ትራስ አይኑር፤ ውሃ ይጠጣ። የደም ግፊት መቀነሻ ይወስዳል?"

"በቀን አንድ።"

"አቁሙት። አሁን ደሙን ወደ አንጎሉ የሚያደርሰው ያ ግፊት ነው።"

"እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚተኛው?"

"ቧንቧውን አይቶ የሚጠግን ሰው ጋ እስኪደርስ። ደሴ ወይ አዲስ አበባ።"

"በምን መንገድ?"

"እሱን እኔም የምጠይቀው ሰው አጥቻለሁ" አለና መስመሩ ተቋረጠ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ደሳለ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ይዞልኝ መጣ። ወንድሜ አስጎብኚ ነው፤ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ የሚያስጎበኘው የለም እንጂ። በሣጥኑ ውስጥ ፈረንጆች ለዓመታት ትተውለት የሄዱት መድኃኒት አለ። ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ አውጥቶ አቀበለኝ፤ ከምላስ ሥር የሚደረግ የልብ ኪኒን።

"ይኸን አውቀዋለሁ" አለ። "ይምርሐነ ክርስቶስ አፋፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ደረቱን ይዞ ሲወድቅ ሚስቱ ከምላሱ ሥር አደረገችለት፤ ተነሥቶ ሄደ። የደም ሥር ይከፍታል አለችኝ። አንች የተማርሽውም እሱን አይደል?"

ጠርሙሱን ይዤ ቆምሁ። ኪኒኑ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚለቀው ያንኑ ጋዝ ነው፤ አምስት ዓመት ያሳደድሁትን፤ ሁለት መቶ ገጽ የጻፍሁለትን። እጄ ውስጥ ሆኖ ልሰጠው አልቻልሁም።

"ይከፍታል" አልሁት። "የሚከፍተው ግን የመላ አካሉን ነው። ግፊቱ ይወርዳል። የአንጎሉ ቧንቧዎች ደግሞ በራሳቸው ጋዝ የቻሉትን ያህል ተከፍተዋል፤ የቀረ የሚከፈት የላቸውም። ደሙ ወደ ሌላው ይሄድና ለእነሱ ጭራሽ ይቀርባቸዋል።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"የአይጥ ሐኪም" አለና ሣጥኑን ዘጋ። ጠርሙሱን ግን ከእጄ አልወሰደም። ወደ ጓሮ ወስጄ ሰበርሁት።

አባቴን ማስተኛት ቀላል መስሎኝ ነበር። ችግሩ ጠያቂው ነው። እሱ አርባ ዓመት የመንደሩን ልጆች ዜማ ያስተማረ መሪጌታ ነው፤ ታመመ ሲባል ማን ይቀራል? ጠዋት የማዶው፣ ከሰዓት የወዲህኛው ይመጣል። ሰው በሩ ላይ ሲደርስ አባቴ በክርኑ ተመርኩዞ ይነሣና "ኖር" ይላል። ገቢው "በእግዚአብሔር፤ ኧረ አይነሡ መሪጌታ፣ በሞቴ አይነሡ" እያለ ይገባል። እንዳይነሣ የሚለምነው ሰው ራሱ ባይነሣለት ይከፋዋል ብሎ ነው አባቴ የሚያስበው። ከዚያ አንዱ ደግ ሰው፣ "ምነው እንዲህ ዘርግታችሁ አስተኛችሁት፣ ደገፍ አድርጉት እንጂ" ይልና ጋቢ አጣጥፎ ከጀርባው ይከተዋል። አባቴ ዝም ይላል። ጠያቂዎቹም ዝምታውን እንደ ትዕግሥት ቆጥረው ያመሰግኑታል።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ" አልሁት አንድ ቀን ሰው ሲወጣ።

"ለምኚኝ።"

"ሰው ሲገባ አይነሡ።"

"የታመምሁት አንገቴን ነው። ባለጌ ሆንሁ አላልሽኝም።"

"አንገትዎ ውስጥ ያለው ቧንቧ ጠቧል። ጋደም ሲሉ ደሙ እንደ ምንም ብሎ ይደርሳል፤ ቀና ሲሉ ይቀራል።"

"ሲቀር ምን ይሆናል?"

"የዚያ በኩል አንጎል ምግብ ያጣል። ወዲያው አይሞትም። ሥራ ያቆማል፤ ንግግሩን ያቆማል፣ እጁን ያቆማል። ያለችውን ጥቂት ስኳርና አየር ለነፍሱ ብቻ ያደርጋታል።"

"እንደ ጾመኛ።"

"እንደ ጾመኛ። ፋሲካው ከዘገየ ግን ይሞታል።"

ትንሽ አሰበ። "ስንት ጊዜ ይታገሣል?"

"አላውቅም።"

"አምስት ዓመት ተምረሽ?"

"አምስት ዓመት ተምሬ።"

ሳቀ። "እሽ፣ አልነሣም" አለኝ፤ ማለልኝም። ሩብ ሰዓት አልቆየም፤ የቅሬው ዳኛ አቶ አራጋው ደጁ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ቅሬ ማለት በእኛ አገር ሬሳ የሚቀብረው፣ በሽተኛ በቃሬዛ የሚሸከመው የመንደር ማኅበር ነው፤ የዳኛው ቃል ደግሞ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ቃል ይበልጣል። አባቴ እጄን ከደረቱ ላይ ገፍቶ ተነሣ፤ እግሩን አውርዶ ጭምር ተቀመጠ። "ኖር" ያለው በግማሽ ነው። አራጋው ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ተናገረ። አባቴ ዓይኑን አፍጥጦ ይሰማል፤ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ እንደ ሌላ ሰው እጅ ተቀምጧል። እንዲተኛ ስለምነው በግራ እጁ ይገፋኛል። አራጋው ሲወጣ አስተኛሁት። በፊት ሲተኛ ወዲያው ነበር ቃሉ የሚመለሰው። ያን ቀን አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። አሥር። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ "ውሃ" አለኝ።

ያኔ ነው የዋሸሁት። ሮጬ ወጥቼ አራጋውን ቤቱ ሳይገባ መንገድ ላይ ደረስሁበት።

"አቶ አራጋው፣ የአባቴ ሕመም ተላላፊ ነው" አልሁት። "ትንፋሽ ነው የሚያስተላልፈው። ለጊዜው ሰው ባይገባ ይሻላል።"

ፊቴን አየ። ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሳበና፣ "አሁን ነው የሚነገረኝ? እጁን ስሜ ነው የወጣሁት" አለ።

"እርስዎ ምንም አይሆኑም" አልሁት። ይህ ብቻ እውነት ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ማዶ ተሻገረ። በማግሥቱ ማንም አልመጣም። አጥሩ ላይ ወተትና ቆሎ አስቀምጠው፣ ከሩቅ "መሪጌታ እግዜር ይማርዎ" ብለው ይመለሳሉ። አባቴ ቀኑን ሙሉ ጋደም ብሎ ዋለ፤ ቀኑን ሙሉም ተናገረ። ጠዋት ጠዋት አንድ የዜማ ቁራጭ አስጀምረውና ቃል ሳይስት እስከ መጨረሻው መዝለቁን እሰማለሁ፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁጥር እንደማየው ማለት ነው። ሦስት ቀን አንድም ቃል አልሳተም። እንዲህ የሆነልኝ ሙከራ አልነበረኝም።

በአራተኛው ቀን ከዜማው መሐል አቆመ። ደነገጥሁ።

"ምን በድያቸው ነው?" አለኝ።

"እነማንን?"

"ሰዉን። ቅዳሴ ሲወጡ በደጃችን ሲያልፉ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ከአጥሩ ጋ ሲደርሱ ይሮጣሉ። ያስተማርኋቸው ልጆች ሲሮጡ እሰማለሁ፣ ልጄ እድሌ።"

እውነቱን ብነግረው ሰው አስጠርቶ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስለዚህ "ሥራ በዝቶባቸው ነው" አልሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያ ቀን አልዘመረልኝም፤ መናገር መቻሉን የማውቅበት መንገድም ጠፋኝ። እዚያ ቤት ውስጥ እሱ ከጣሪያው ጋር፣ እኔ ከውሸቴ ጋር ተዘግተን ዋልን።

ሐሙስ ደሳለ ከከተማ ሮጦ መጣ። የአንድ እርዳታ ድርጅት መኪና፣ አልጋ ያለው፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በላይኛው መንገድ ያልፋል፤ እስከ ደሴ የማለፍ ፈቃድ አለው፤ ሐኪሙ ለምኖ አንድ ቦታ አስይዟል። በአራት ሰዓት መገንጠያው ላይ ካልተገኘን አይቆምም፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም። አባቴ ጋደም እንዳለ ይሄዳል። ደሳለን አቅፌው አለቀስሁ።

ደሳለ ሸካሚ ሊጠራ ወጣ። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አልገባም።

"ውጭ ነይ" አለኝ።

ወጣሁ።

"ማንም አይሸከምም። ሰባት ቤት ዞርሁ። ሰባቱም ከበሩ አላስገቡኝም። አንዷማ ከውስጥ ሆና 'አንተም ራቅ በል' አለችኝ። 'ትንፋሽ ነው አለች እህትህ፣ የተማረችው' ይላሉ። እኔ እኮ ሰው ለምን እንደ ቀረ ሳይገባኝ አባቴን እያጽናናሁ ነው የከረምሁት። ምን አልሻቸው?"

ነገርሁት።

"እኔ ቱሪስት አታልላለሁ" አለ። "ይኸ ድንጋይ በአንድ ሌሊት ተፈለፈለ እላለሁ፤ ሥራዬ ነው። ቅሬን የሚያታልል ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ሁለታችን ብቻ ቃሬዛ ይዘን ያንን ዳገት እንወጣዋለን ብለሽ ነው?"

ዓርብ ከሰዓት ቅሬው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ሄድሁ። ወንዶቹ ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ባሻገር ተቀምጠዋል። ስደርስ ሰው ሁሉ ነጠላውን ወደ አፉ ሳበ። ራቅ ብዬ ቆምሁ።

"እዚያው ቁሚ" አለ አራጋው።

"የአባቴ ሕመም አይተላለፍም" አልሁ። "ውሸቴን ነው።"

ንግግሬን ያዘጋጀሁት አንድ ሰው ይጮኽብኛል ብዬ ነበር፤ ዝምታ ሲሆን ያዘጋጀሁት ጠፋኝ። ስለ ቧንቧው፣ ቀና ሲል ንግግሩ ስለ መቆሙ፣ ስለ አሥራ አራቱ ደቂቃ ተንተባተብሁ።

"ቆይ" አለ አራጋው። "የሚታመመው ስለሚነሣ ነው?"

"አዎ።"

"የሚነሣው ደግሞ እኛ ስንገባ ነው።"

"አዎ።"

"ታዲያ ይኸንኑ ምን ነበር ብትነግሪን?"

"ለእሱ ነግሬው ነበር፤ ማለልኝ። እርስዎ ሲመጡ ግን ተነሣ።"

"ለእሱ አላልሁም። ለእኛ። ደጅ ቁጭ ብለን በመስኮት እንጠይቀው ነበር። አራት ወር ሙሉ ስታልፊ 'እንደምን ዋላችሁ' ብለሽ ታልፊያለሽ እንጂ አንድ ቀን ከእኛ ጋር ቁጭ ብለሽ አታውቂም። ነገር የሚገባን ሰዎች አልመሰልንሽም።"

ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ያለው ልክ ነው።

አንድ ወጣት ከኋላ፣ "አሁንስ ዋሽታ እንዳይሆን? ሸካሚ ስትፈልግ አይተላለፍም፣ ሳትፈልግ ይተላለፋል" አለ። የሳቁ ነበሩ፤ የበዙት አልሳቁም።

የአራጋው ሚስት ሰብሌ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። "ልጂቱ በአባቷ ጽዋ ነው የምትጠጣው" አለች። "አንድ ገበታ ነው የሚበሉት። አሥራ ሁለት ቀን ሆናት፤ አልታመመችም።"

"አንች በምን አየሽ?" አላት አራጋው። "አትቅረቢ አላልሁሽም?"

"አልቀረብሁም። በአጥሩ ቀዳዳ ነው።"

አሁን ሁሉም ሳቁ። አራጋው ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ እኔ ሦስት እርምጃ ቀረበና ነጠላውን ከአፉ አወረደ።

"ለዳገቱ ስምንት ሰው አይበቃም" አለ። "አሥራ ስድስት እንሁን፤ እየተቀያየርን። የአንችን ነገር መሪጌታ ሲድኑ እናየዋለን።"

ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ስድስት ሰው ደጃችን ላይ ነበር። አባቴ ድምፃቸውን ሲሰማ ዓይኑ በራ። እንዳይነሣ ደሳለ ደረቱ ላይ፣ እኔ ግንባሩ ላይ እጃችንን ጫንን። አራጋው ከበሩ ውጭ ሆኖ፣ "መሪጌታ፣ 'ኖር' ካሉ እንመለሳለን" አለ። አባቴ ተኝቶ፣ "አፌን ይዣለሁ" አለ። ቃሬዛው ላይ አዛውረን አስተኛነው፤ በመጫኛ አሰርነው። ከዚያ አራቱ ሸካሚዎች የራስጌውን ወደ ዳገቱ አዙረው ሊነሡ ተዘጋጁ።

"ቆዩ" አልሁ። "አዙሩት። እግሩ ይቅደም።"

ሁሉም ቆሙ።

"ምን አልሽ?" አለ አራጋው።

"ዳገት ነው። ራሱ ከቀደመ ሁለት ሰዓት ሙሉ ራሱ ከፍ ይላል። እንደ መቀመጥ ነው። እግሩ ከቀደመ ራሱ ዝቅ ይላል።"

"እግር አስቀድመን የምንሸከመው ሬሳ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"መንገድ ላይ ስንት ሰው አለ፤ የላይኞቹ መንደሮች ያዩናል። አባትሽን በቁሙ እንድንገድለው ነው የምትጠይቂን?"

ከሸካሚዎቹ ሁለቱ መሸከሚያቸውን መሬት አስቀመጡ። ያ የትናንቱ ወጣት፣ "ይኸም ከመጽሐፉ ነው?" አለኝ። አልነበረም። በየትኛውም መጽሐፍ ሰውን በቃሬዛ ዳገት ስለ መውሰድ የተጻፈ አላነበብሁም። አይጦቹ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚተኙት። ልክ ባልሆንስ? ራሱ በጣም ዝቅ ብሎ ሌላ ነገር ቢመጣስ? ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

"አዙሩኝ" አለ አባቴ።

አራጋው ጎንበስ አለ። "መሪጌታ፣ ሰዉ ምን ይላል?"

"ሬሳ ነው ይላል። ሬሳ አይናገርም፤ እኔ እናገራለሁ። ቀና አድርጋችሁ ከወሰዳችሁኝ ግን የምደርሰው ዝም ብዬ ነው። አዙሩኝ፣ አራጋው። ልጂቱ ብዙ አታውቅም፤ ይችን ግን ታውቃለች።"

አዞሩት።

ወጣን። እኔ ከኋላ፣ ከራሱ አጠገብ፣ እጄ አንገቱ ሥር። እንዲናገር በየጥቂቱ እጠይቀዋለሁ፤ ያለፍነውን ዛፍ፣ የአያቱን ስም፣ ትናንት ምን እንደ በላ። እየተነጫነጨ ይመልሳል። ሸካሚዎቹ በየሃምሳ እርምጃው ይቀያየራሉ፤ ላባቸው ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል።

የመጀመሪያው መንደር ስንደርስ ሴቶች እንስራ ይዘው ይወርዱ ነበር። እግር ሲቀድም አዩ። አንዷ እንስራዋን አስቀምጣ ደረቷን መታች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። "መሪጌታ፣ መሪጌታ" የሚለው ለቅሶ ገደሉን ሞላው። አባቴ ከጋቢው ውስጥ፣

"አልሞትሁም፤ ውሃችሁን ቅዱ" አለ በትልቁ፣ በቅዳሴ ድምፁ።

ሴቲቱ ጮኻ ተቀመጠች። ሸካሚዎቹ ሳቃቸው ሲያንቀጠቅጣቸው ቃሬዛው ተናወጠ፤ "ራሱን፣ ራሱን" እያልሁ ያዝሁት።

በሁለተኛው መንደር ለቅሶው ከመድረሳችን በፊት ጀመረ። "አለሁ" አለ፤ ድምፁ ሻክሯል። የሰሙት ቅርብ የነበሩት ብቻ ናቸው።

ሦስተኛው መንደር አፋፉ ላይ ነው። ከዚያ ወደ መገንጠያው ሩብ ሰዓት ይቀራል። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ወጥተው መንገዱን ይዘዋል፤ ለቅሶው ከሁለት በኩል መጣ። መልሱን ጠበቅሁ። አልመለሰም። ጎንበስ አልሁ። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል።

"አባዬ።"

ዝም።

"አባዬ፣ ስምዎ ማን ነው?"

ቆጠርሁ። ሸካሚዎቹ አላወቁም፤ እየወጡ ነው። ሰባት እርምጃ። ስምንት። ዘጠኝ። ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር ወጥቶ እጅጌዬን ያዘ፤ ጠበቅ አድርጎ፤ ቀኙ።

"ደከመኝ" አለ። "አንች መልሽላቸው።"

ቀና አልሁ። "አልሞተም" አልሁ። ድምፄ ከለቅሶው በላይ አልወጣም። ደግሜ ጮኽሁ፤ "አልሞተም፣ ይናገራል።"

አንዲት አሮጊት ቀርበው ፊቴን አዩ። "የመሪጌታ ልጅ አይደለሽ?" አሉኝ። "ያችኛዋ? ትንፋሽ ነው ያለችው?" ራሳቸውን ነቅንቀው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለበሱና ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀላቀሉ። ሌሎቹም ማልቀሳቸውን አላቆሙም፤ ይልቁንም ሊሸኙን ከኋላችን ተሰለፉ።

"ተያቸው፣ ያልቅሱ" አለ አራጋው ከፊት ሆኖ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። "አንች አንገቱን ያዥ።"

ያዝሁ። ከድንጋዩ ጫፍ በላይ የመኪናው ነጭ ጣሪያ ይታይ ጀመር፤ ሞተሩ ይሰማል። ከኋላችን እየተለቀሰ፣ ከፊታችን እግሩ እየቀደመ ወጣን፤ የአባቴም እጅ እጅጌዬን አልለቀቀም።